የእማሆይ ወለተ ሐና እንዝርት

ነገሩ የጀመረው ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ዲያቆን ስልኩን ከፍቶ ዜማ ያዳምጥ ነበር። ጥቅምት ተጋምሷል፣ በመንገዱ ዳር ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ ስለዚህ የዘመነ ጽጌ ዜማ መስማቴ አላስገረመኝም። ያስገረመኝ ሌላ ነው። በዚያ ዜማ ውስጥ ድምፁ ከላይ ወርዶ የሚያርፍባት አንዲት ቦታ አለች። ሰው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ቶሎ ወርዶ ያርፋል፤ በመጽሐፉ ላይ ያለው ምልክትም የሚለው ይህንኑ ነው። ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ ግን አልወረደም። ጥቂት ዘገየ፣ ያዝ አደረገው፣ እንደገና ትንሽ ከፍ አለና ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ወረደ። እኔ ደግሞ ይህችን አወራረድ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከእኔና ከተማሪዎቼ በቀር የሚያውቃት የለም እያልሁ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የኖርሁት።

«ዲያቆን፣ ይህ የማን ድምፅ ነው?» አልሁት ዞር ብዬ።

«የእኔው ነው መሪጌታ። ለልምምድ ቀድቼው ነው» አለ፤ አፍሮ ድምፁን ቀነሰው።

«ያችን አወራረድ ከማን አገኘሃት?»

«ከየኔታ ጥበቡ። የመሪጌታ ጥበቡ አወራረድ እኮ ናት። በስማዳ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚላት።»

ደሜ ፈላ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው በሚኒባስ ውስጥ ደሙ ሲፈላ ደስ አይልም፤ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ የያዟትን ዶሮ ወደ መስኮቱ አሸሿት። የእኔ ተማሪዎች ያችን አወራረድ በእኔ ስም ነው የሚጠሯት። እኔ በስሜ ጥሯት አላልሁም፤ ሲጠሯት ግን ተዉ ብዬም አላውቅም። ጥበቡ ደግሞ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነበር፤ ድምፁ ከእኔ የሚበልጥ፣ መልኩም ከእኔ የሚበልጥ፣ ይህን ሁሉ ማወቁ ደግሞ የባሰ። «የት ነው አሁን?» አልሁ። ጉልበቱን አሞት አርብ ገበያ ልጁ ቤት እንደተኛና ዲያቆኑም ሊጠይቀው እንደሚሄድ ነገረኝ። «እንግዲያ አብረን እንሄዳለን» አልሁ። የመጣሁት ለአክስቴ ልጅ ተዝካር ነበር፤ ተዝካሩን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ረሳሁት።

መኪናዋ ጠመዝማዛውን ስትወርድ እኔ ወደ ኋላ ሄጄ ነበር። ያን ጊዜ ይህ መንገድ በእግር ነበር የሚኬደው። ንፋስ መውጫም ብትሆን አንድ ረጅም ጎዳና፣ ግራና ቀኝ ቆርቆሮና ሣር የተቀላቀለበት ቤት፣ ጥጉ ላይ በእግር የሚረገጥ መኪናውን ደጅ አውጥቶ የሚሰፋ አንድ ልብስ ሰፊ ነበረች። ልብስ ሰፊው ለቆሎ ተማሪ በነጻ ይጥፍ ነበር፤ ክፍያው አንድ ዜማ ማሰማት ነው። ዜማው ካላማረው «ይህስ ቁልፍም አያስተክል» ብሎ ይመልሳል፤ እኔን ሁለት ጊዜ መልሶኛል። አንድ ብር ይዞ ገበያ የወረደ ሰው ጨውም በርበሬም ሻማም ገዝቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ በቀረችው ለልጆቹ ሸንኮራ ይዞ ይመለስ ነበር። ልብሳችን ደበሎ ነው፤ ዝናብ የመታው የበግ ለምድ ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ዛሬ ተማሪዎቼ በጃኬት፣ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው ነው የሚመጡት፤ የረሱትን ዜማ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ያስታውሱታል። አልቀናባቸውም እላለሁ። እቀናለሁ። ዝናብ የመታውን ደበሎ ግን አልናፍቅም።

ዜማ የተማርሁት እስቴ ውስጥ በአንዲት የገጠር ደብር፣ ከየኔታ አስረስ ዘንድ ነው። የኔታ ደግ ሰው ነበሩ፤ ተማሪው ግን ብዙ፣ የአንድ ሰው ተራ ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ ነው። ጥበቡ አንድ ጊዜ የሰማውን ይዞ ይሄዳል። እኔ ማታ የያዝሁት ጧት ይጠፋኛል። ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ የሚያስመሰክረው የዜማ ምስክር ቤት ወደሆነችው የጋይንት ደብር፣ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ነው፤ በዚያ ያሉት ሊቅ ፊት ቆሞ ያዜማል፣ ሊቁም ይህ ሰው ያውቃል ብለው ይመሰክሩለታል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወንበር ተክሎ ማስተማር የሚችለው። እኔ አንድ ጊዜ ሄጄ ተመልሻለሁ። «ልጄ፣ ጥቂት ይቀርሃል» ነበር ያሉኝ፤ የተባልሁት በደግ ቃል ቢሆንም የመልስ መንገዱን ሁሉ ሰው እንዳያየኝ ከአውራው መንገድ ወጥቼ በጥሻ ነው የሄድሁት። አባቴ ሁለተኛ ከተመለስህ ሞፈሩን ትይዛለህ ብለውኛል። ማረስ ነውር ሆኖ አይደለም፤ እኔ ግን ከዜማ በቀር በዓለም ላይ የምፈልገው ምንም ነገር አልነበረኝም፣ እሱም አልያዝልኝ አለ። ያን ክረምት ብዙ አለቅስ ነበር፤ አሁን ብናገረው ምን አለበት።

ቀን ቀን ሌሎቹ ቁራሽ ሊለምኑ ወደ መንደር ሲወጡ፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግርጌ አንድ ወይራ ሥር ተቀምጬ ብቻዬን አዜም ነበር። ከወይራው አጠገብ የመነኮሳት በዓቶች አሉ፤ ጭቃ የተመረጉ፣ ሰው ተጎንብሶ የሚገባባቸው ትናንሽ ጎጆዎች። አንድ ማክሰኞ ቀን እንደ ልማዴ ስሳሳትና ስደግም፣ ከአንደኛው በዓት ውስጥ «እንደሱ አይደለም» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። ደነገጥሁ። «ምኑ እማሆይ?» አልሁ። «አሁን ያልሃት። ከፍ አድርገህ ያዛት እንጂ አትጣላት» አሉኝ። ያዝኋት። ልክ ሆነች። ወደ በሩ ሄጄ እጅ ልነሣ ስል «ከዚያው ሁን» አሉ፤ ከደጃፉ ውጭ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ።

እማሆይ ወለተ ሐና ይባላሉ። ከየኔታ አስረስ በፊት በዚያ ወንበር ያስተምሩ የነበሩት የመሪጌታ ክንፉ ሚስት ነበሩ። መሪጌታ ክንፉ ዓይናቸው ሲጠፋ ወንበሩን አልለቀቁም፤ ሚስታቸው ከጎናቸው ተቀምጠው መጽሐፉን እየተመለከቱ፣ ተማሪው ምልክት ሲዘል ክርናቸውን ነካ ያደርጓቸው ነበር አሉ። እንደዚያ ሲያደርጉ ብዙ ዓመት ኖሩ። መሪጌታ ሲሞቱ ሚስትየው ቆብ ደፉ፣ ሀብታቸውን ለድሃ ሰጡ፣ በዓት ገቡ። የመሪጌታ ተማሪዎችም ገሚሱ ሞተ፣ ገሚሱ ተበተነ። የኔታ አስረስ ከሌላ አገር የመጡ ስለሆኑ የሳቸው አካሄድ ሌላ ነበር። የመሪጌታ ክንፉን ዜማ ሙሉውን የያዘ ሰው በዚያ ደብር አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፣ እሳቸውም በማኅሌት የማይቆሙ፣ አፋቸውን ለዜማ የማይከፍቱ መነኩሲት ናቸው።

«እኔ አላዜምልህም» አሉኝ መጀመሪያውኑ። «መምህርህም አይደለሁ። አንተ ታዜማለህ፣ እኔ እፈትላለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ትመጣለህ፤ በሌላ ቀን እንዳላይህ።» ሥራቸው ለቤተ ክርስቲያኑ መጋረጃ የሚሆን ጥጥ መፍተል ነበር። በበሩ በኩል የማየው እጃቸውንና እንዝርታቸውን ብቻ ነው፤ ፊታቸው ጨለማው ውስጥ ነው። እኔ አዜማለሁ፣ እንዝርቷ ትሾራለች። ስሳሳት በመዳፋቸው ይይዟታል። በቃ፣ ይኸው ነው ትምህርቱ። እንዝርቷ ስትቆም ከጥቂት ወደ ኋላ ተመልሼ እጀምራለሁ፤ ካስተካከልሁ ትሾራለች፣ ካላስተካከልሁ እንደተያዘች ትቀራለች። አንዳንድ ቀን አንዲት መስመር ላይ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እንቆማለን። የኔታ ዱላ ነበራቸው፣ ተቆጥተውም ያውቃሉ፤ ዱላውም ቁጣውም የዚያችን ቀጭን እንጨት መቆም ያህል አስፈርቶኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ አላስችል ብሎኝ ረቡዕ ቀን ሄድሁ። ገና ከወይራው ስደርስ «ቀንህን ጠብቅ፣ ተመለስ» ብለው እንደ እንግዳ ሰው አባረሩኝ። የጸሎት ሰዓታቸው ነው ብዬ አፍሬ ተመለስሁ።

ለልመና ባለመውጣቴ የቁራሽ መያዣ አኩፋዳዬ ባዶ መሆኑን የኔታ እንዳያዩብኝ እሰጋ ነበር። እማሆይ ይህንን ሳልነግራቸው አወቁት። ትምህርቱ ሲያበቃ በበሩ በኩል አንድ እፍኝ አሹቅ ያቀብሉኛል፤ የተቀቀለች ባቄላ፣ ጨው እንኳን የሌላት። እኔም ቆሎ ለማኝ ነኝና የተሰጠኝን አኩፋዳዬ ውስጥ ከትቼ፣ መንገድ ላይ ግማሹን በልቼ እሄዳለሁ። እሳቸው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚበሉ አውቅ ነበር። የሚበሉት ምን እንደሆነ ግን ለመጠየቅ አላሰብሁም። ያ ዕድሜ ራሱን እንጂ ሌላ ሰው አያይም፤ የእኔ ደግሞ ከሌላው ሰው የባሰ ነበር።

ያችን የጽጌዋን ቦታ ስደርስ እንዝርቷ ቆመች፤ ሳምንቱን ሙሉ፣ የሚቀጥለውንም ሳምንት እንዲሁ። ወረድሁ፣ ቆመች። ቶሎ ወረድሁ፣ ቆመች። በመጨረሻ ተናደድሁ። «እማሆይ፣ ምልክቱ ውረድ ነው የሚለው» አልሁ። «ምልክቱንማ መች አጣሁት። እሳቸው ግን እዚህ ላይ አይወርዱም ነበር» አሉ። «ታዲያ እንዴት ነበር የሚሉት?» እንዝርቷን ባዘቶው ላይ አስቀመጧት። ከዚያ በጣም ቀጭን በሆነ ድምፅ፣ ከጉሮሯቸው ሳይሆን ከአፍንጫቸው በሚመስል፣ ያችን ቦታ ብቻ አሏት። ዘግየት፣ ያዝ፣ ጥቂት ከፍ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መውረድ። «የአበባ ዜማ ነው፣ ለምን ቶሎ ይረግፋል ይሉ ነበር» አሉና፣ ትንሽ ቆየት ብለው «አሁን ላዜምሁት ንስሐ እገባለሁ» አሉ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ሊቃውንት ሰምቻለሁ። የአንዳቸውም ድምፅ እንደዚያ አድርጎኝ አያውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቤተ ልሔም ሄድሁ። ልሰናበታቸው ስሄድ እማሆይ ወደ በሩ ወጡ፤ ፊታቸውን በደንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ካሰብሁት በላይ አርጅተው ነበር። «ያች ቦታ ላይ ስትደርስ እንዳትፈራ» አሉኝ። «ሰምተው ይጠይቁህ ይሆናል። ከጠየቁህ፣ የእሳቸው ናት በላቸው።» አንድም ቃል ስለ ራሳቸው አልተናገሩም። የፈለጉት ያችን ብቻ ነበር፤ የዕውሩ ባላቸው አወራረድ ቤተ ልሔም ላይ በስማቸው እንድትሰማ።

አዜምሁ። አንድ ቦታ አልሳትሁም። ያች ቦታ ላይ ስደርስ ሊቁ ዓይናቸውን ገለጡና እጃቸውን አነሡ። «ይህችን አወራረድ ከማን አገኘሃት?» አሉኝ። አጠገቤ ተራቸውን የሚጠብቁ ጓደኞቼ ተቀምጠዋል። የመሪጌታ ክንፉ ናት ብል፣ መሪጌታ ክንፉማ ከሞቱ ስንት ጊዜያቸው፣ አንተ የት አግኝተሃቸው ሊሉኝ ነው። ከማን ሰማሃት ሲሉኝ ከሴት፣ ከአንዲት መነኩሲት ደጃፍ ማለት ሊመጣ ነው። ምስክርነቱን ይከለክሉኛል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ጓደኞቼ ይስቁብኛል ብሎ የነገረኝም አልነበረም። ፍርሃቱን ያመጣሁት እኔው ራሴ ነኝ። «ከየኔታ አስረስ» አልሁ። «መልካም ይዘሃታል» አሉ ሊቁ፤ መሰከሩልኝ።

ስመለስ በቀጥታ ወደ እማሆይ ነው የሄድሁት። ደስ አላቸው፤ ድምፃቸው ያስታውቃል፤ ሰው ደስ ሲለው እንደሚያደርገው ቶሎ ቶሎ መፍተል ጀመሩ። «ያችን ቦታስ? ጠየቁህ?» አሉኝ። ጠይቀውኝ ዋሽቻለሁ ማለት አቃተኝ። «አልጠየቁኝም» አልሁ። እንዝርቷ አልቆመችም። «እንግዲያ ልብ አላሏትም» አሉ ቀስ ብለው። «ይሁን። አንተ ይዘሃታል፣ ይበቃል።» አሹቁን አቀበሉኝ። በዓመቱ ወንበር ተከልሁ፣ ንፋስ መውጫ ገባሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ። በአንድ ሐምሌ ዐረፉ ሲሉኝ ጭቃው መንገዱን ዘግቶ ነበር፤ ለመሄድም ብዙ አልጣርሁም። የባላቸው አወራረድ ሳይሰማ እንደቀረ እያሰቡ ነው የሞቱት። ተሰምታ ነበር። ተወድዳም ነበር። ይህንን በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እንግዲህ በዚያች ሚኒባስ ውስጥ «የእኔን አወራረድ ሰረቀኝ» ብሎ የተናደደው ሰው ይህ ነው። አንዳንዴ ራሴን ሳስበው ይገርመኛል።

ጥበቡ በልጁ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፣ ጉልበቱ ላይ ጋቢ ጥሏል። ያ መልክ የት ሄደ አልሁ በሆዴ፤ እሱም የእኔን አይቶ እንደዚያው ሳይል አልቀረም። ዲያቆኑ ጉልበት ስሞ፣ ጥቂት ተቀምጦ ወደ ገበያው ወጣ። ያን ጊዜ ወንበሬን ወደ ጥበቡ ሳብ አደረግሁ።

«ያችን የጽጌዋን አወራረድ ከማን ወሰድሃት?» አልሁት።

«እንዴት ዋልህ አይባልም? ከስንት ዓመት በኋላ ነው እኮ የመጣህ።»

«እንዴት ዋልህ። ከማን ወሰድሃት?»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ፈገግ አለ፤ ጥርሱ አልቋል። «ያንተ ማክሰኞና ሐሙስ ነበር» አለ። «የእኔ ሰኞና ረቡዕ።»

ድምፁ ያማረ፣ አንድ ጊዜ የሰማውን ይዞ የሚሄድ ጥበቡ በዚያች በር ደጃፍ ይቀመጣል ብዬ እንዴት ላስብ። «አንተ ምን ጎደለህና?» አልሁት።

«እኔ የምሰማውን ነበር የምይዝ። የሰማሁት ልክ ይሁን አይሁን ማን ይነግረኛል? የኔታ ድምፄን እየወደዱ ያልፉኝ ነበር። እማሆይ አላለፉኝም።» ጋቢውን አስተካከለ። «አንድ ሐሙስ ከወይራው ማዶ ሳልፍ ሰማሁህ። ያች ቦታ ላይ ተይዘህ ልታለቅስ ደርሰህ ነበር። ልስቅብህ አማረኝ፣ ብስቅብህ ደግሞ የእኔም ሊወጣ ነው። ዝም አልሁ።»

«ረቡዕ ሄጄ ያባረሩኝ ለካ…»

«ኮቴህን ስሰማ ከበዓቱ ጀርባ ተሸሽጌ ሁሉንም ሰምቻለሁ» አለ። «ስታፍር ደስ ብሎኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ሁለታችንም ሳቅን። እሱ ሳቁን ቀድሞ አቆመ። «አሹቁንስ?» አለኝ። «ይሰጡህ ነበር?»

«ይሰጡኝ ነበር።»

«ለእኔም» አለ። ሰኞ ለእሱ፣ ማክሰኞ ለእኔ፣ ረቡዕ ለእሱ፣ ሐሙስ ለእኔ። በቀን አንድ ጊዜ ይበሉ ከነበሩት እማሆይ እጅ። ሁለት ሽማግሌዎች ጓሮ ውስጥ ተቀምጠን፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት የበላናት አሹቅ ጉሮሯችን ላይ ቆመች። ጥበቡ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። እኔም ከዚያ ወዲያ የመጣሁበትን ጠብ አላስታወስሁትም።

የዋሸሁትን ነገርሁት። ለሊቁ ያልሁትን፣ ለእማሆይ ያልሁትን፣ «ልብ አላሏትም» ያሉትን። ጥበቡ እስክጨርስ አላቋረጠኝም። «እኔም ሲጠይቁኝ እንዳንተው ነው ያልሁት» አለ። «ተመልሼ ለእማሆይ ግን፣ ለሊቁ የመሪጌታ ክንፉ ናት፣ ያስተማሩኝም እማሆይ ወለተ ሐና ናቸው ብያቸዋለሁ አልኋቸው። ደስ እንዲላቸው ብዬ። እንዝርቷን ያዟት። ስሳሳት እንደሚያደርጉት አድርገው ያዟት። ከዚያ ወዲያ ያን ነገር አላነሡብኝም።»

«የእኔን ግን አመኑኝ» አልሁ።

«ያንተን አመኑህ» አለ። ይህን ያለው ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ እውነቱ ስለሆነ ነው። ቢሆንም እስከ ዛሬ ድረስ የተነገረኝ ከባድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ልሄድ ስነሣ እጄን ያዘኝ። «ተማሪዎቼ ያችን ቦታ በስሜ ሲጠሯት ስንት ጊዜ ልነግራቸው አሰብሁ መሰለህ። አፌ እምቢ ይለኛል። እኔ እንግዲህ በዚህ ጉልበት የትም አልደርስ። አንተ ገና እግር አለህ። ሂድና ቤተ ልሔም ላይ ተናገረው። ዋሽተን የወጣነው ከዚያ ነው፤ እዚህ ሁለታችን ስንላቀስ ብንውል ማን ይሰማናል?» እጄን ሳይለቅ ጨመረበት። «የእኔንም ጨምረህ በልልኝ።»

እሄዳለሁ አልሁት እንጂ ቶሎ አልሄድሁም። ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛው መጣ። አንድ ቀን በጎች አሉብኝ፣ አንድ ቀን ሰርክ አለብኝ፣ አንድ ቀን ሚስቴ ጉንፋን ይዟታል። የፈራሁት ያው የድሮውን ነው። በዚህ ዕድሜ እንኳን ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነገር አለቀቀኝም፤ ይልቅስ ብሶበታል፣ ያን ጊዜ የሚጠፋብኝ ምስክርነት ብቻ ነበር፣ አሁን ግን በእኔ ስም የሚማሉ ተማሪዎች አሉ። በመጨረሻ ዘመነ ጽጌ ሳያልቅብኝ ብዬ አንድ ጧት ተነሣሁ። በመኪና የሚኬደውን ያህል ሄጄ የቀረውን በእግሬ ተጓዝሁ። ገብሱ ታጭዶ ነዶው በየማሳው ተከምሯል። መንገድ ላይ ያገኙኝ ገበሬዎች «መሪጌታ፣ በደኅና ነው?» ይሉኛል፤ ሰው ሞቶ የምሄድ መስሏቸው ነበር።

ስደርስ ረፋድ ሆኗል። መምህሩ ከዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፣ ከሠላሳ የማያንሱ ተማሪዎች ዙሪያቸውን ከበዋቸዋል። መምህሩ በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ ሲያዩኝ ግን ተነሡ፣ ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። አልቀመጥም አልሁ። ከተቀመጥሁ እንደማልናገረው አውቄዋለሁ። ቆሜ፣ በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋቸው። ወይራውን፣ እንዝርቷን፣ አሹቁን፣ እዚሁ ቦታ ላይ ቆሜ የመለስሁትን መልስ። የጥበቡንም እንዳለኝ ጨመርሁ። መሐል ላይ ድምፄ ተቆርጦ ውኃ አምጥተውልኛል። ከተማሪዎቹ የሳቀ አልነበረም። የፈራሁት ሳቅ ሃምሳ ዓመት ጠብቄው አንድም ሰው ሳይስቀው ቀረ።

መምህሩ ወደ እኔ ቀረቡ። «ያችን አወራረድ ከእርስዎም ከመሪጌታ ጥበቡም ቤት በመጡ ልጆች አፍ ሰምተናታል» አሉ። «እንዲያው ከሥሯ ሳናውቃት ነው የቆየን። አሁን ልጆቹ ከአፍዎ ይቀበሏት።» ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «መሪጌታ የሚሉትን ተቀበሉ» አሏቸው። በዜማ ቤት እንዲህ ከተባለ ተማሪው አይጠይቅም፤ ከሚያዜመው ሰው አፍ የወጣውን ሁሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ ወዲያው ይመልሳል። ተማሪዎቹ ተነሥተው ቆሙ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከማዜሜ በፊት ግን የማን እንደሆነች በደንብ እንዲይዙልኝ ፈለግሁ። «የመሪጌታ ክንፉ ናት» አልሁ። «ያስተማሩኝ እማሆይ ወለተ ሐና ናቸው።» ትንፋሼን ስቤ ዜማውን ልጀምር ስል ሠላሳው ተማሪ በአንድ ድምፅ ተቀበለኝ፤

«የመሪጌታ ክንፉ ናት። ያስተማሩኝ እማሆይ ወለተ ሐና ናቸው።»

መምህሩ ገና ዜማው አልተጀመረም ሊሏቸው እጃቸውን አነሡ። «ይተዉአቸው» አልሁ፤ እንደገናም አልሁት፣ እንደገናም ተቀበሉኝ።